ስማቸውን ደብቄ በሬያቸውን ጻፍሁ

የቀበሌዋን ስም ዛሬም አልጽፍም። ከወረታ በባጃጅ ሩቅ አይደለችም፤ ክረምት ሲገባ ግን መጨረሻው ጭቃ ስለሆነ በእግር ነው የሚደረሰው። ያኔ ለሬዲዮ ዜና እሠራ ነበር። አንድ ገበሬ ደወሉልኝና ማዳበሪያ አዳዩ ወረፋውን ትቶ ለዘመዶቹ እንደሚያድል ነገሩኝ። ሄድሁ። ማሳቸው ዳር ቆመን ሁሉንም ዘረዘሩልኝና፣ «ስሜን ግን አደራ» አሉ።

«አይስጉ፣ ስምዎ ከእኔ አያልፍም» አልሁ። ሳይጠይቁኝ ማልሁላቸው። ሌሎች ሁለት ገበሬዎች ያንኑ አሉኝ። አዳዩን ጠየቅሁት፤ ካደ። እስከዚህ ድረስ የሚያሳፍረኝ የለም።

አርታኢዬ ጽሑፉን አነበበና «ደረቅ ነው፤ ሰውየው አይታዩኝም» አለ። እኔ ደግሞ ሙገሳ እወዳለሁ። «አንድ ቀንዱ የተሰበረ ቦራ በሬያቸውን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተው የሚያርሱ ገበሬ» ብዬ ጨመርሁና ደስ አለኝ። ስም የለም፣ ቀበሌ የለም። የፎገራ ልጅ ነኝ እያልሁ የምመጻደቀው ሰውዬ፣ በእኛ ሜዳ ሰው በከብቱ እንደሚታወቅ ረሳሁት። ግንባሩ ነጭ በሬ ሞልቷል፤ ቀንደ ሰባራው ቦራ ግን አንድ ነው።

ዜናው ጠዋት ተላለፈ። ከሰዓት ብደውል ስልካቸው አይነሳም። በማግስቱም አይነሳም። መቀመጥ አቃተኝ። መናኸሪያው ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፤ ሻይ አዝዤ ሳልጠጣው እነሳለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። አርታኢዬ «ስም አልጠቀስንም እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እውነቱን መሆኑ የባሰ አናደደኝ። በሦስተኛው ቀን ባጃጅ ያዝሁ።

ቀንበሩ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ ቦራው ብቻውን ይግጣል። ሚስታቸው ናቸው የነገሩኝ። አብሯቸው የሚቀናጀው ጎረቤት የማዳበሪያ አዳዩ አማች ነው፤ ዜናውን በሰማ ዕለት በሬውን ነድቶ ሄደ። ሌላው ጎረቤት ሁሉ ሰበብ አበዛ። ሩዙ አልተዘራም፣ ውሃው ማሳው ላይ ከተኛ ደግሞ የዘንድሮው እርሻ አበቃ።

ገበሬው ከጓሮ ብቅ ሲሉ «ስምዎን እኮ አላወጣሁም» አልኋቸው። የአርታኢዬ «እኮ» ከእኔ አፍ ወጣች። አፈርሁ።

«አላወጣህም ልጄ። ብታወጣው ይሻል ነበር» አሉ። «በስሜ ቢሰሙት ደፍሮ ተናገረ ይሉኝ ነበር። አሁን ተደብቆ የሚያሳብቅ ሆንሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እንኳ ሰላም የሚለኝ የለም።»

ለዚህ በሬ እንጂ ማስተባበያ ምን ይሠራል? በዚያው ቀን ይፋግ አጠገብ ወዳሉት አጎቴ ሄድሁና አንድ በሬ እንዲያውሱኝ ለመንኋቸው።

«ለማን ነው?» አሉኝ።

«ለአንድ ገበሬ።»

«በሬዬን ስሙን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም።»

አላወጣም ብዬ የማልሁበትን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ አወጣሁ።

«ያ በሬው ቀንደ ሰባራው?» አሉ።

«አዎ።»

በሬውን ከጋጣው አውጥተው ገመዱን እጄ ላይ አደረጉ። «ለእሱ ብዬ ነው» አሉኝ፤ «ላንተ አይደለም።»