የጎሚስታው አየር

ኤርብራሹን ያገኘሁት ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ፣ የጥፍር ቀለምና የኬክ ማስጌጫ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። ባለሱቋ ምን እንደሆነ በቅጡ አታውቅም ነበር። "ኬክ ላይ የሚረጩበት ነው መሰለኝ። አቦ ውሰጂልኝ፣ አቧራ ጠጣ" አለችኝ። እኔ ግን ገና ከሩቅ አውቄዋለሁ፤ ስልኬ ላይ ስንት ቪዲዮ አይቼበታለሁ። እስክሪብቶ የምታህል የቀለም መርጫ ናት። አናቷ ላይ የቡሽ ክዳን የምታህል የቀለም ጽዋ አላት፤ ከሥሯ ደግሞ በቀጭን ቱቦ አየር ይገባላታል። ቁልፏን ወደ ታች ሲጫኗት አየር፣ ወደ ኋላ ሲስቧት ቀለም ትሰጣለች። በቃ ይኸው ነው።

የምቀባባት ባጃጅ ነው። የእውነቱን ባጃጅ አይደለም፤ ከጣውላ ቁራጭና ከቆርቆሮ ራሴ የምሠራትን፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጠውን። "ትሸጫታለሽ?" ይሉኛል። አልሸጥም። "ታዲያ ምን ያደርግልሻል?" ደስ ይለኛል። ይኼ መልስ ማንንም እንደማያጠግብ አውቃለሁ፤ ሌላ መልስ ግን የለኝም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም። ጠዋት ጠዋት መጋላ ሰፈር፣ የዘመድ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እለካለሁ። ከዚያ በኋላ እጄ ሥራ ካጣ ሰው እጨቀጭቃለሁ፣ ዕቃ እፈታለሁ፣ የተዘጋ በር እከፍታለሁ። እናቴን ጠይቋት። እኔን አንድ ቦታ የሚያስቀምጠኝ ነገር ይኼ ብቻ ነው።

በብሩሽ ግን አንድ ነገር እምቢ አለኝ። ነጩ ጣሪያ ወደ ሰማያዊው ሆድ ሲወርድ፣ ቀለሙ የት ጋ እንደተለወጠ ዓይን እንዳይዘው እፈልጋለሁ። ብሩሽ መስመር ይተዋል። አየር አይተውም።

ከኤርብራሹ ጋር አብራ የመጣች ትንሽ የአየር ማሽን ነበረች። ዕድሜዋ አጠረ። መብራት ሄደ፣ ሲመለስ በጉልበት ተመለሰ፣ ማሽኗም አንዴ አቃስታ ተቃጠለች። እናቴ ሽታው ሳይወጣ "ተገላገልን" አለች። እኔ በዚያን ሰዓት የማየው ግድግዳውን ነበር።

ከግቢያችን ግድግዳ ጀርባ፣ መንገዱ ዳር፣ የጎማ ጥገና ቤት አለ። ጎሚስታው ትልቅ ሰው ነው። አዴር እለዋለሁ፤ በሶማልኛ አጎቴ ማለት ነው፣ ዘመዴ ግን አይደለም። የአየር ማሽኑ ቀይ ታንክ አህያ ያህላል። ጠዋት ሙሉ ሲያጓራ ይውልና ከምሳ በኋላ ጸጥ ይላል። በዚያ ሙቀት ድሬ በሯን ዘግታ ትተኛለች፤ ያልተኛው ይቅማል። አዴርም ከጎማዎቹ መሃል ፍራሹን ዘርግቶ፣ ቴርሞሱን አስጠግቶ ይቅማል። ታንኩ እስከ አፉ ሙሉ፣ ሥራ የለ። ያ ሁሉ አየር ለማን ነው?

ሄጄ ሳልዞር ሳልጠማዘዝ ጠየቅኩት።

"አዴር፣ አየርህን አበድረኝ።"

"የምን አየር?"

"የታንኩን። ቀለም ልረጭበት።"

ኤርብራሹን ተቀብሎ አገላብጦ አየና ሳቀ። "ይቺን ነው? ለይቺማ ከጉንጬ የሚወጣው ይበቃታል።"

ጉንጩ በጫት እንደ ኳስ ተወጥሯል። "እሱ ውስጥ ቦታ የለም፣ ታንኩ ይሻላል" አልኩት።

"ወላሂ ይቺ ልጅ ምላሷ!" አለና ሕጉን አወጣ። "ስሚ። ደንበኛ ከመጣ አየሩ የኔ ነው። ወዲያው። 'ቆይ ልጨርስ' የሚባል ነገር የለም።"

"የለም" አልኩ።

ከዚያ መግጠም መጣ። የታንኩ አፍ ሰፊ ነው፣ የኔ ቱቦ ጥርስ ቀጭን። አንዱ ሌላውን አይነክስም። ቶርኖ ቤት ሄጄ፣ በአንድ ጎኗ የታንኩን በሌላ ጎኗ የኔን የምትይዝ የነሐስ ቁራጭ አስወጣሁ። ባለቶርኖው "ለየትኛው መኪና ነው?" አለኝ። "ለባጃጅ" አልኩት። አልዋሸሁም።

ታንኩ የሚገፋው የጭነት መኪና ጎማ እንዲሞላ ነው። ያ ጉልበት በቀጥታ ቢመጣ ቀለሙን ከነጣውላው ጠርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ መሃል ላይ ግፊት መቀነሻ አስገባሁ፤ ከሥሩ ውሃ የምታጠምድ ብርጭቆ ያለችውን። ከታንክ የሚወጣ አየር ውሃ ይዞ ይወጣልና ቀለም ላይ አንዲት ጠብታ ከደረሰች ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። ጥርሶቹ ላይ አየር እንዳያመልጥ ነጩን የቴፍሎን ጥብጣብ ጠቀለልኩ፤ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ነው የሚጠቀለለው፣ በተቃራኒው ከሆነ ሲያጠብቁት ተገፎ ይወጣል። መጨረሻ ላይ አዴር በሚፈትሽበት በሳሙና አረፋ ፈተሽኩት። አረፋው አልተነፋም። የሚያፈስ ነገር የለም።

እዚያው ከአዴር ጎማዎች መሃል ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ሰማያዊ ስረጭ ሳቄ አመለጠኝ። ቀለም አይመስልም፣ ጭጋግ ነው። የባጃጇ ሆድ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ጣጣው ሌላ ቦታ ነበር። ታንኩ ያለው አፍ አንድ ብቻ ነው፤ የአዴርም የጎማ መሙያ የኔም ቱቦ የሚታሰሩት እዚያው ላይ ነው። የታንኩ መዝጊያ ደግሞ ዝጓል፣ በፒንሳ ካልሆነ አይዞርም። ደንበኛ በመጣ ቁጥር መዝጊያውን እየታገልን መዝጋት፣ የኔን መፍታት፣ የሱን ማሰር፣ መዝጊያውን መክፈት። ደንበኛው ፀሐይ ላይ ይቆማል። ከደንበኞቹ ሁሉ ምላሰኛው የሰፈራችን ባለባጃጅ ነው፤ የኋላ ጎማው ያረጀ ስለሆነ አየር ሳይሞላ አይውልም።

"እህቴ፣ ሜካፑ አላለቀም?" ይለኛል። "እዚህ ቤት ጎማ ነው የሚሞላው ወይስ ሙሽራ ነው የምትኳለው?"

"ያንተን ጎማ መኳል ነው የሚሻለው፣ ሞቷል" እለዋለሁ። አዴር ግን አይስቅም። አንድ ቀን እጁ በፒንሳው ተላጠና ፒንሳውን ወረወረው።

"በቃ። ደንበኛ ቆሞ እኔ ካንቺ ጋር ብሎን ስፈታ አልውልም። ከዛሬ በኋላ አንድ ሰው አየር አጥቶ ከሄደ፣ ቱቦሽን ጠቅልለሽ ወደ እናትሽ። ገባሽ?"

ገብቶኛል። በማግስቱ ከሱቅ ስወጣ መለዋወጫ መሸጫዎቹን አንድ በአንድ ዞርኩ። ፈልጌ ያገኘኋት መጋጠሚያ ሁለት ቁራጭ ናት፤ ወፍራሟን ሴት፣ ቀጭኑን ወንድ ይሏቸዋል። የሴቷን ቀለበት ወደ ኋላ ሲስቡት ወንዱ ተስፈንጥሮ ይወጣል። መልሰው ሲገፉት ጠቅ ብሎ ይገባል። ፒንሳ የለም፣ መፍታት የለም። አንዱን ወንድ ታንኩ አፍ ላይ፣ አንዳንድ ሴት ደግሞ በየቱቦዎቻችን ጫፍ ላይ ገጠምን። አዴር ራሱ ነው ያጠበቀው። "ከእንግዲህ ያን የዛገ መዝጊያ አልነካም" ብሎ ከፍቶ ተወው።

በዚያው ከሰዓት መብራት ሄደ። ግድ አልነበረንም፣ ታንኩ ሙሉ ነው። እኔ ቀለም ላይ ነኝ፣ ባለባጃጁ ባጃጁን እየገፋ መጣ። "አየር!" አለ። እኔም ኮራ ብዬ ተነሳሁ፣ ታንኩ ጋ ሄድኩ፣ ቀለበቱን ሳብኩ።

ቱቦዬ እጄ ላይ ጸጥ አለ። ታንኩ ጮኸ። ያ ሁሉ አየር በዚያች በቀጭኗ አፍ መውጣት ጀመረ። አቧራው ተነሳ፣ የጫቱ ገረባ እንደ ወፍ በረረ፣ የቀለም ጽዋዬ የት እንደገባ እንጃ። አዴር ሽርጡን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ከመዝጊያው ጋር ይታገላል፤ መዝጊያው እምቢ። በመጨረሻ ሲዘጋ የታንኩ የግፊት መለኪያ ላይ ያለችው ቀስት ዜሮ ላይ ተኝታለች። መብራት የለም። አየር የለም።

ባለባጃጁ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። "አቦ! እኔ ጎማዬ ተነፈሰ ብዬ መጣሁ፣ እናንተ ጭራሽ ቤቱ ነው የተነፈሰባችሁ!" ብሎ ባጃጁን እየገፋ የደቻቱን ደረቅ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሌላ ጎሚስታ ሄደ።

  አዴር ሦስቱን መጋጠሚያዎች በፒንሳ ፈታ፣ ቱቦዬን ከነግፊት መቀነሻው ጠቀለለ፣ ሁሉንም በግድግዳው ላይ ወደ ግቢያችን ጣለው።

"አንተም እያየህ ነው እኮ የገጠምነው! አንተ ነህ ያጠበቅከው!" አልኩት።

"አየሩ የኔ ነበር" አለኝ። 

ቤት ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። ግቢውን እየዞርኩ ወንዱን አንስቼ አፌ ላይ ደቀንኩና ነፋሁ፤ ትንፋሼ አለፈ። ባዶ ቧንቧ ነው። ሴቷን ነፋሁ፤ ጆሮዬ እስኪጮህ ነፋሁ፤ አላለፈም። ውስጧ በስፕሪንግ የሚገፋ ክዳን አለ፤ ወንዱ ሲገባ ይከፍተዋል፣ ሲወጣ ራሷ ትዘጋለች። አየር የምትይዘው እሷ ናት። ታንኩ ላይ መቀመጥ የነበረባት እሷ ናት!

የተሳሳትነው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ጎማ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው። አየሩን የሚይዘው ቀጭኑ ቫልቭ ነው፤ እሱ ጎማው ላይ ይቀራል፣ ወፍራሙ መሙያ ይመጣል ይሄዳል። አዴር ዕድሜውን ሙሉ በጎማ፣ እኔም ከጎማ ቤት ግድግዳ ሥር ያደግኩ። ቀጭኑን አንስተን ታንኩ ላይ ስንተክለው አንዳችንም "ለምን?" አላልንም።

በማግስቱ ከሱቅ ስወጣ ከሴቶቹ አንዷን ለመለዋወጫ መሸጫው መልሼ በወንድ ለወጥኩና ቀጥታ አዴር ጋ ሄድኩ። ጀርባውን ሰጠኝ።

"አልሰማሽም" አለ።

"አትስማኝ። ንፋ።" ሴቷን አቀበልኩት። "አንዴ ብቻ ንፋና አባርረኝ።"

ለማባረሩ ብሎ ነው መሰለኝ ተቀብሎ ነፋ። አላለፈም። ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ ፈጠጠ። ቀጥሎ ወንዱን ሰጠሁት፤ ትንፋሹ ፊሽ ብሎ ወጣ። ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ደጅ የተከመሩትን ጎማዎች አየ፣ እንደገና ሁለቱን አየ።

"ገልብጠነዋል" አለ።

"ገልብጠነዋል" አልኩ።

"ገልብጠነዋል ነው ወይስ ገልብጠሽዋል?"

"አዴር!"

በጥርሱ ሳቀ። ሴቷን ታንኩ ላይ፣ ወንዶቹን በየቱቦዎቹ ላይ አሰርን። "አንዲት ፊሽታ ከሰማሁ፣ አንቺንም በግድግዳው ነው የምጥልሽ" አለና፣ መብራት ተመልሶ ስለነበር ታንኩን ሞላ።

ከምሳ በኋላ ቀለም ጀመርኩ። ነጩ ደርቋል፤ ሰማያዊውን ከሆዷ ወደ ላይ እያሳሳሁ እየረጨሁ፣ ልክ መሃሉ ላይ ስደርስ ያ ባለባጃጅ መጣ። የባሰው ደግሞ አብሮት ሌላ ባለባጃጅ ነበር፤ የትናንቱን ነግሮት ሊያሳየው ነው ያመጣው።

"አየር!" አለ። "ቆይ፣ እናንተ ጆሯችሁን ያዙ።"

በዚያ ሙቀት ቀለም ኤርብራሹ ጫፍ ላይ ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ከደረቀ ደግሞ ተፈቶ፣ ታጥቦ፣ የጀመርኩት ጭጋግ ተቆርጦ ይቀራል። አዴር ፍራሹ ላይ መቃሙን አቁሞ ቀለበቱን ብቻ ያያል። ሳብኩት። ቱቦዬ ወጣ። ታንኩ ዝም። አንዲት ፊሽታ የለም። የጎማ መሙያውን አንስቼ ገፋሁት፤ ጠቅ! ባለባጃጁ አፉን ለሳቅ እንደከፈተ ቀረ።

"ምን ትጠብቃለህ?" አልኩት። "አየር አልክ፣ አየር። ሙላ።"

ሞላ። ነቀልኩ፣ ጠቅ፣ የራሴን መለስኩ። ኤርብራሹን አንስቼ ወረቀት ላይ ሞከርኳት፤ ቀለሟ አልደረቀም። ከተቋረጠበት ቀጠልኩ፤ ሰማያዊው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ነጩ ውስጥ ጠፋ። የት ጋ እንደጠፋ እኔም አላውቅም። ሁለቱ ባለባጃጆች አናቴ ላይ ቆመው ያያሉ።

"የኔንም እንዲህ ትቀቢልኛለሽ?" አለ ምላሰኛው። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

"መዳፌ ላይ ከተቀመጠ እቀባዋለሁ።"

 አዴር ተነስቶ ታንኩ ጋ ሄደና ቀለበቱን ሳበ፣ ገፋ፣ ሳበ፣ ገፋ፤ ጠቅ፣ ጠቅ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አየሁ፤ ሳቅ ነው ማለት ይከብዳል፣ ቁጣ ግን አልነበረም። ተመልሶ ፍራሹ ላይ ተጋደመና ጫቱን አነሳ።

"ከዛሬ ጀምሮ ከሰዓት አየሩ ያንቺ ነው" አለ። "ደንበኛ ሲመጣ ግን አንቺ ነሽ የምትነቅይው። እኔ አልነሳም።"

"አትነሳ" አልኩት።

አልተነሳም። የጭነት መኪና መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም፣ ተጋድሞ ዓይኑን ሳይገልጥ "ነቀልሽ?" አለኝ። እኔ ነቅዬ፣ የሱን ገጥሜ፣ ጎማው ላይ ደርሼ ነበር።