የካፒቴኑ ጥሩር ለባሾች

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። ደብረ ማርቆስ ላይ የጣሊያኑን ካፒቴን ልብስ የምታጥበው እናቴ ጥሩወርቅ፤ ለግቢው ከወንዝ ውሃ የሚቀዳው አያ ይሁኔ፣ ወንድሙ ዱር ገብቶ ስለነበር ጣሊያኖች በክፉ ዓይን የሚያዩት፤ ካፒቴኑ ራሱ፤ እና እኔ፣ የዐሥር ዓመቱ የዓሦች ጠባቂ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከአዲስ አበባ የመስታወት ገንዳ አምጥታ ሳሎን አስቀመጠች። ጣት የማያህሉ አምባዛዎች ጢማቸውን አሸዋው ላይ እየጎተቱ ሲርመሰመሱ ሳይ፣ የእርጥብ አሸዋው ሽታም አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ የበሩን መቃን ይዤ ቀረሁ። ልጆቼ የደከመኝ መስሏቸው ወንበር አቀረቡልኝ።

የካፒቴኑም እንዲህ ያሉ ነበሩ፣ አምስት። ገላቸው በቅርፊት ፈንታ እንደ ጦረኛ የብረት ልብስ፣ እንደ ጥሩር፣ በተደራረበ አጥንት የተሸፈነ፣ ከባሕር ማዶ ያመጣቸው። ወታደር ሲሰድብ የሚውለው ሰው እነሱ ፊት ሲቀመጥ ድምፁ ይለሰልስ ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት ፍርፋሪ እበትንላቸዋለሁ፤ በየሳምንቱም ከገንዳው ጥቂት ውሃ ቀንሼ፣ አያ ይሁኔ ቀድቶት በጋን አድሮ በሰከነ ውሃ እተካለሁ፣ ለዚሁ ብቻ በተለየች ጣሳ።

በዚያ ሰሞን ሳሙና ስለጠፋ እናቴ እንዶድ ወቅጣ በሌላ ጣሳ ትዘፈዝፍ ጀመር። እንዶድ ልብስ ያነጣል፣ ወንዝ ከገባ ግን ዓሣ ይፈጃል፤ ይህን የማያውቅ የሰፈራችን ልጅ አልነበረም። አንድ ቀን ለጨዋታ ቸኩዬ ጣሳዬን ባጣት የእናቴን አነሣሁ፤ እንዶዱን ደፍቼ፣ ሳላለቀልቅ ከጋኑ ሞላሁ። አረፋ አየሁ። ትንሽ ነው ብዬ ገንዳው ውስጥ ጨመርኩት፤ ጣሳው ግማሽ ላይ ሲደርስ ገንዳው ሞላ።

እኩለ ቀን ላይ አምስቱም በጀርባቸው ተንሳፈፉ።

ካፒቴኑ ሽጉጡን ይዞ ወጣ። አስተርጓሚው አያ ይሁኔን፣ "መርዙን ማን ሰጠህ? ወንድምህ ነው?" አለው።

"ወንድሜ ሰው አጥቶ ነው ዓሣ የሚገድል?"

አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመውም። ካፒቴኑ በጣሳው የተረፈውን ውሃ አየና "ይጠጣው" አለ።

አያ ይሁኔ ሳቀ። "ምን ገዶኝ! ራሴ የቀዳሁት ውሃ። አቀብለኝ አንተ ልጅ!"

አቀበልኩት። እናቴ ጣሳዋን አወቀቻት፤ ወደ እኔ አየችና ዓይኗን ሰበረች። እኔም ዝም አልኩ። ለእናቴ ፈርቼ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬአለሁ፤ እውነቱ ግን የፈራሁት ለገዛ ጀርባዬ ነው። ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። ብዙም ሳይቆይ ሆዱን ይዞ ተንበረከከ፣ አስመለሰው። ለካፒቴኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገውም፤ አስሮ ወሰደው።

ጣሊያን ሲወጣ ተፈታ። ከስቶ፣ በትር ተደግፎ በአማኑኤል መንገድ አገኘኝና፣ "አንተ ልጅ፣ እነዚያ ዓሦች ምን ሆነው ይሆን የሞቱ?" አለኝ።

"እንጃ፣ አያ" አልኩት። እውነቱን የምነግርበት ድፍረት ሳላገኝ ሞተና ቀበርነው።

ልጆቼን ዋሻችሁ ብዬ ስቀጣ የኖርኩ አባት ነኝና የዚያን ቀን ዋጋ እኔው ልናገር። ካፒቴኑን አምስት ዓሦች አስከፈለው። እናቴን እስክትሞት ድረስ የልጇን ዓይን በቀጥታ ማየት አሳጣት። አያ ይሁኔን ሁለት ክረምት እስርና እስከ መቃብር የተከተለውን የሆድ ሕመም አስከፈለው። እኔን የሚያስከፍለኝ አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ እሱንም ሳልከፍል ቀረሁ።