ቁልቁለቱን የሚችል ፍሬን

ደግሰው አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። በሃያ ዓመቱ የወልድያ አውቶቡስ ረዳት ሆነ፤ ተወው። ሳዑዲ ሄዶ ሁለት ዓመት ግንበኛ ሆኖ ተመለሰ። ሰቆጣ ገበያ አጠገብ የቆርቆሮ ሱቅ አቁሞ ብስክሌት መጠገን ሲጀምር ባለቤቱ ታይቱ፣ «እችን እንኳ ዓመት ብትቆይባት» አለችው። ስድስት ዓመት ቆየባት። አንዱ ብስክሌት ሲድን ሌላው ተሰብሮ ስለሚመጣ እጁ ሥራ አይፈታም፤ ያቆየውም ይኸው ነው።

ባለፈው ሐምሌ ሸጌ የምትባል የጤና ሠራተኛ ፍሬን ልታስቀይር መጣች። ከከተማው ወጣ ያለ ቀበሌ እየሄደች ሕፃናት ትከትባለች። ደግሰው ቸርኬውን፣ ጎማው የሚታሰርበትን ክብ ብረት፣ ግራና ቀኝ የሚጨምቁትን የፍሬን ጎማዎች በአዲስ ቀየረላት። በሦስተኛው ቀን ዝናብ እያካፋ ወደ ቀበሌው የሚወስደውን ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኑን ብትጨምቀው፣ ብትጨምቀው አልይዝ አላት። ከመንገዱ ዳር ወድቃ የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ።

ሊጠይቃት ሄዶ ጀሶውን ሲያይ፣ «የሰበርኩሽ እኔ ነኝ» አላት።

«ዝናቡ ነው እንጂ፣ አያ ደግሰው። እርስዎ ምን ያድርጉ?»

መልሷ አላሳረፈውም። ብስክሌቷን አምጥቶ ፈታታው። የፍሬኑ ጎማ አዲስ፣ ሽቦውም የተወጠረ ነው። ስሕተት ቢያገኝ ይሻለው ነበር።

በማግስቱ ጄሪካን ውኃ ይዞ ብስክሌቷን እየገፋ ወደዚያው ቁልቁለት ወጣ። ቸርኬው ደረቅ ሳለ ጎማው ጥሩ ያዘ። ጭቃና ውኃ ሲቀባው ግን ብስክሌቱ አሥራ አምስት እርምጃ ተንሸራቶ ነው የቆመው። «የትም ሱቅ የሚገኝ ነገር፣ ለበጋ ብቻ!» አለ ለራሱ።

በሌላ ቀን ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚቆም አሮጌ ብስክሌት ወሰደ። የዚህ ፍሬን የኋላው ተሽከርካሪ እግር መሐል ውስጥ ስለሆነ ጭቃ አያገኘውም። ደስ ብሎት ቁልቁለቱን እስከ ታች ወረደው። አጋማሽ ላይ የተቃጠለ ግሪስ ሸተተው፤ ታች ደርሶ ቢነካው ጣቱን ለበለበው። ደግሞስ ፔዳሉን ከኋላው እግር የሚያገናኘው ካቴና ቢወልቅ በምን ሊቆም ነው?

ሦስተኛው አንድ ደንበኛ ሰባብሮ የጣለውና ደግሰው የጠጋገነው ብስክሌት ነው፤ የፊት እግሩ ላይ ፍሬኑ የሚይዘው ዲስክ፣ እንደ ሳህን ክብ የሆነ ብረት፣ አለው። ውኃም ጭቃም ቢደፋበት ይይዛል። ደግሰው ተደስቶ አጥብቆ ቢጨምቀው የኋላው እግር ተነሣና እሱን ከመሪው በላይ ወረወረው።

ሱሪው ተቀዶ ቤት ሲገባ ታይቱ፣ «አርባ ዓመት ሞልቶህ ከቁልቁለት ትንከባለላለህ?» አለች።

«ያዘ እኮ፣ ታይቱ! ከልኩ በላይ ያዘ!»

ታይቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እሱ ግን ቁጭ ሳይል ሌላ ጭንቅ መጣበት፤ ዲስኩን የሚጨምቀው ሸራ ሰቆጣ አይገኝም፤ ዲስኩም ቀጭን ነው፣ ብስክሌቱ አውቶቡስ ላይ ሲጫን ሊጣመም ይችላል። በመጨረሻ የፊቱን እግር ከነዲስኩና ከሚይዘው ብረት ጋር ነቅሎ ለሸጌ ብስክሌት ገጠመው፤ የኋላውን ፍሬን በጎማው ተወው። ትርፍ ሸራም ከወልድያ አስመጣ።

ጳጉሜ ላይ ጀሶው ተፈታና ሸጌ ብስክሌቷን ልትወስድ መጣች። «የኋላውን ፍሬን አስቀድሚ» አላት፤ «የፊቱን ቀስ እያልሽ ጨምሪበት። የፊቱን ብቻ በድንገት እንዳትይዢ፤ ይጥልሻል።»

«ሸራው ሲያልቅስ?»

«ሳያልቅ አምጪው።»

ሰማዩ ጠቁሮ ማካፋት ጀምሮ ነበር። «እስኪያባራ ቆዪ» ብሎ ለመናት።

«እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው እየጠበቁኝ ነው» ብላ ሄደች።

ደግሰው ሱቁን ሳይዘጋ እየሮጠ ተከተላት። ከመታጠፊያው በላይ ቆሞ አያት፤ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ታጠፈች፣ ከዓይኑ ተሰወረች። መመለስ አልቻለም። በዝናቡ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ቀበሌው ሲደርስ ሸጌ አንዱን ሕፃን እየከተበች ነበር።

«በእግርዎ መጡ?»

«ያዘልሽ?»

«ያዘልኝ። ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆምኩበት።»

ደግሰው በረጅሙ ተነፈሰ። እናቶቹ ቦታ ለቀውለት «አረፍ ይበሉ» ቢሉት ግን አልተቀመጠም። ብስክሌቱ ሥር ተንበርክኮ የፊቱን ሽቦ ነካ ነካ አደረገና፣ «ትንሽ ላልቷል» ብሎ ማጥበቅ ጀመረ።