ዘመመ የተባለው በር

ገርጂ ውስጥ ደሪቱን የማያውቃት ሰው ካለ በሩን ከሌላ ቦታ ገዝቶ ያስገጠመ መሆን አለበት። የብየዳ ቤቷ ከእኔ ቀለም መሸጫ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ብረት የምትቆርጥበት ግራይንደሯ ሲጮህ ደንበኞቼን በምልክት ነው የማነጋግረው። ስንት ጊዜ ተጣልተናል! ግን ምሳ አብረን ነው የምንበላው፤ ከእሷ ሌላ ማን ይችለኛል?

የምትሠራው በትእዛዝ ነው። ሰዉ ስልኩን ይዞ ይመጣል፣ የጎረቤቱን በር ፎቶ ያሳያታል፣ «ልክ እንደዚህ» ይላታል። መሐሉ ላይ አንበሳ፣ ዙሪያውን ጽጌረዳ። እሷም «እሺ» ትላለች። ወለሉ ላይ በሩን በቁመቱ ልክ በጠመኔ ትስልና ፌሮ ብረቱን በስዕሉ ላይ እያጠፈች ትበይዳለች። አንዳንዴ ሥራ ሲቀዘቅዝ የራሷን ነገር መሳል ትጀምራለች፤ ሰው ሲመጣ በእግሯ ታብሰዋለች። «አንቺ፣ ይሄን ለምን አትሠሪውም?» ስላት «ማን አዘዘኝ?» ትለኛለች። አቤት ስታናድደኝ!

እንዲህ እያለች አንዱን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በአንድ ዓይነት በር ሞላችው። ጉዱ የመጣው እዚያ መንገድ ላይ የሚኖሩት እትዬ ፀሐይነሽ ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ ነው።

ለልጃቸው ለሊና ሽማግሌ ተላከ። ሽማግሌዎቹ «አንበሳ ያለበት በር» ተብለው ነበርና አንበሳ ያለበትን በር አንኳኩ። የገቡት ግን የእትዬ ፀሐይነሽ ጎረቤት አቶ ተስፉ ቤት ነው። አቶ ተስፉ በክብር አስገቧቸው። «ተቀመጡ» ቢሏቸው ሽማግሌዎቹ «የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ፤ ደንቡ ነዋ። ከዚያ ቆመው «ልጅዎን ለልጃችን» አሏቸው። ሰውየው ያሏቸው አራት ወንዶች ልጆች ናቸው!

ሰፈሩ ሳምንቱን ሙሉ ሳቀ። እትዬ ፀሐይነሽ ግን አልሳቁም። ሽማግሌዎቹ ለሌላ እሑድ ተቀጠሩና እሳቸው ደሪቱ ላይ መጡባት።

«አንቺ ነሽ ያዋረድሽኝ! የሁላችንንም በር አንድ አደረግሽው!»

«እትዬ፣ ፎቶውን ያመጡልኝ እኮ እርስዎ ነዎት።»

«እሱን ተይው! አሁን ማንም የማይሳሳተው በር ሥሪልኝ። እንደፈለግሽ አድርጊው፤ ብቻ ለእሑድ ይድረስ።»

እሰይ አልኩ በሆዴ። ደሪቱ ግን ጠመኔዋን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች። የምትስለው ሁሉ ጽጌረዳ እየሆነባት ታብሳለች። በማግስቱም እንደዚያው።

«ፈራሁ ሔዋን» አለችኝ። «የሰው ሐሳብ ስሠራ ጥፋቱም የሰው ነው። ይሄ ቢበላሽ ግን የራሴ ነው። ሁለተኛ የምደፍር አይመስለኝም።»

«ታዲያ ቁጭ ብለሽ ልታለቅሺ ነው? ተነሺ!» አልኳት። ማባበል አላውቅም፤ ምን ላድርግ።

ሐሙስ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ወለሏ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ የተሳለ ገብስ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ። አባቷ ሰሚት አካባቢ ገበሬ ነበሩ፤ ማሳቸው ዛሬ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። «የአባዬ ገብስ ላይ ንፋስ ሲመጣ እንዲህ ነበር» አለችኝ። «አንዱ ዘለላ ከሌላው አይመሳሰልም፤ እኔም አላመሳስለውም።» ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማት! በኦሮምኛ እየዘፈነች ፌሮውን ላሜራው ላይ ስትበይድ ዋለች። ቀለሙን የቀላቀልኩት እኔ ነኝ፤ ሦስቴ አስደገመችኝ፣ ልገላት ነበር።

ቅዳሜ በሩ ተሰቀለ። እትዬ ፀሐይነሽ ወጥተው አንገታቸውን ወዲህ ወዲያ አዘነበሉ።

«ኧረ ዘመመ! በሞቴ፣ አንበሳውስ? ቶሎ አቃኚልኝ!»

«አላቃናም» አለች ደሪቱ። ከ«እሺ» ሌላ የማታውቀው ደሪቱ! «ገብስ ንፋስ ሲነካው እንዲህ ነው፣ እትዬ። ካልወደዱት ነገ እንግዶችዎ ሲሄዱ አውርጄ የድሮውን እሰቅልልዎታለሁ። ይሄን ግን አልነካውም።»

ጊዜ ስላልነበራቸው ብቻ ተዉት።

እሑድ ልናግዝ ሄደን ጓዳ ሽንኩርት እየከተፍን ነው። ደሪቱ ቢላው በእጇ፣ ጆሮዋ በሩ ላይ። መኪና ሲቆም ሰማን፤ የሚያንኳኳ ግን የለም። ጠበቅን፣ አሁንም የለም።

«እግዚኦ! ዛሬም ጠፋባቸው!» ብለው እትዬ ፀሐይነሽ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሮጡ፤ እኛም ተከተልን። በሩን ሲከፍቱት ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመዋል። ትልቁ፣ ጋሽ መንግሥቱ የሚባሉት፣ አንዱን የገብስ ዘለላ በመዳፋቸው ይዳብሳሉ።

«ወይ ጉድ! ይሄን የመሰለ ገብስ ካየሁ ስንት ዘመኔ!» አሉ። የመጡበትን ጉዳይ ጭራሽ ረስተውታል።

ትናንት «ዘመመ» ያሉት ሴትዮ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። «ስለ ልጅቷ ገብታችሁ እንነጋገራለን፤ በሩን ግን አንሰጥም!»

ደጁ በሳቅ ተሞላ። ደሪቱ ከኋላዬ ተሸጎጠች፤ ገፍቼ አወጣኋት።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አሏት ጋሽ መንግሥቱ። «ታዲያ ስምሽ የታለ?»

«በር ላይ ስሜን ጽፌ አላውቅም፣ አባባ።»

«ትጽፋለች!» አሉ እትዬ ፀሐይነሽ።

ሰኞ ጠዋት የብየዳ ማሽኗን ጭነን ተመለስን። ከገብሱ ሥር ተንበርክካ «ደሪቱ መገርሳ» ብላ በብየዳ ጻፈች። መከላከያዋን ከፊቷ ስታነሳ ዓይኗ ቀልቷል።

«ብልጭታው ነው» አለችኝ።

የምን ብልጭታ! ፊቷን ሸፍና አልነበር እንዴ? አብሬያት አለቀስኩ።