አንድ ጋት ትርፍ

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፤ ፍርድ ቤት የቆመም የለም። አንድ ቤት ሊሠራልን ነበር፣ ሳይሠራልን ቀረ። እንዲህ ያለ ታሪክ የሌለው ቤተሰብ ሐረር ውስጥ ቢፈለግ ብዙ አይገኝም። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት መምህራችን ስለ ተገጣጣሚ ቤቶች አስተማሩን። ግድግዳው ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ ስለሚመጣ ጊዜ ይቆጥባል፣ ብክነት ይቀንሳል፣ አቅም የሌለውን ሰው የቤት ባለቤት ያደርጋል አሉ። እኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የተባለውን ሁሉ በጥንቃቄ ጻፍኩ። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ ደብተሬን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ።

አባቴ ግንበኛ ነው። ቅድመ አያቱ ከሸዋ መጥተው ሐረር ከቀሩት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ የራሳችን ቤት ኖሮን አያውቅም። አባቴ በሥራው የሚታወቀው ጀጎል ውስጥ ነው። የዘመመ ግንብ ያቃናል፣ የፈረሰ አጥር ያነሳል። አንድ ልማድ አለው። ክፍል ሲሠራ ከተነገረው ልክ ላይ አንድ ጋት ይጨምራል። ሸዋ በር ቲማቲም የምትሸጥ ሴት መዝና ስታበቃ ሁለት ፍሬ ጣል እንደምታደርግ ሁሉ፣ እሱም አራት ጣት ይመርቃል። ለእኔ ትንሽ ድንጋይ ነው፣ ለባለቤቱ ግን ቤቱ ሰፋለት ማለት ነው ይላል። በሠላሳ ዓመት ሥራው በዚህ የተቀየመው ሰው የለም።

ያን ጊዜ የምንኖረው ሸዋ በር አጠገብ በተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች ነበር። አከራያችን ደግ ሴት ነበሩ፤ ነገር ግን ልጃቸው በጥር ሊያገባ ስለሆነ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እንድንለቅ ነገሩን። እናቴ አልደነገጠችም። አሥራ ሁለት አባላት ባሉት የቤት ማኅበር ውስጥ ነበርን፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ተዳፋት ላይ ቦታ ተሰጥቶናል። ግድግዳዎቹ ከፋብሪካ በመኪና መጥተው በክሬን የሚገጠሙ ነበሩ። ወጪው እንዲቀንስ መሠረቱን እያንዳንዱ አባል በራሱ እንዲሠራ ተወሰነ። ከመሠረቱ ብረቶች ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ ግድግዳው ሲወርድ ብረቶቹ ከሥሩ ባሉት ቀዳዳዎች ይገባሉ። ሥራው ይኸው ነው።

ከአሥራ ሁለቱ አባላት ግንበኛ አባቴ ብቻ ነበር። ሌሎቹ መምህራንና ነርሶች፣ አንድ ጡረታ የወጡ ወታደርም ነበሩ፤ ሁሉም እየመጡ ያማክሩታል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛ ነርስ ናቸው፣ የእጅ ጽሑፌን ወደዱት። "ልጄ፣ አንቺ ጠንቃቃ ነሽ" ብለው ፕላኑንና ሜትሩን ሰጡኝ። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት የሁሉንም መሠረት ለክቼ ቅጹ ላይ "ልክ ነው" ወይም "ልክ አይደለም" ብዬ እንድጽፍ ነበር። በጣም ደስ አለኝ። ለዚህ ሥራ ብቻ አዲስ እስክሪብቶ ገዛሁ።

የሒሳብ መምህር የሆኑ አንድ አባል መሠረታቸው ሁለት ጣት አንሶ አገኘሁት። "ልክ አይደለም" ብዬ ጻፍኩ።

"አቦ፣ ሁለት ጣት?" አሉኝ። "ሁለት ጣት እኮ ጫማዬ ላይ ያለው ጭቃ ነው።"

"ፕላኑ ላይ ያለው ግን እንዲህ ነው፣ ቲቸር።"

እያጉረመረሙ ኮንክሪቱ የሚፈስበትን ሳንቃ አስነቀሉና እንደገና አስመቱ። ሰብሳቢዋ ሰምተው በሰው ፊት አመሰገኑኝ።

በማግስቱ የእኛን ለካሁ። በርዝመትም በስፋትም አንድ ጋት ይበልጣል። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

"አባዬ፣ ከፕላኑ ይበልጣል።"

"አውቃለሁ።" ሲባጎውን እየጠቀለለ ነበር።

"መብለጥ የለበትም እኮ።"

"ነውሩ ማነስ ነው። ሠላሳ ዓመት ለሰው ቤት ስጨምር ኖሬ ለእናትሽ ልሰስት?"

እናቴ ምሳ ይዛ መጥታ ከጎናችን ቆማ ነበር። ይህን ስትሰማ ሳቀች። ብዙ የምትስቅ ሴት አይደለችም። ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ "ልክ ነው" ብዬ ጻፍኩና ፊርማዬን አሳምሬ አኖርኩበት።

ክሬኑ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ መጣ፤ የሚቆየው አሥር ቀን ብቻ ነበር። ለአንድ ቤት ግማሽ ቀን፣ ቢበዛም አንድ ቀን ይበቃዋል። የመጀመሪያው ቤት ሲቆም እልል ተባለ፤ ከአምስተኛው በኋላ ማንም እልል አላለም፣ ለመድነው። የእኛ ዕጣ የመጨረሻው ነበር። በስምንተኛው ቀን ተራችን ሲደርስ አባቴ ንጹሕ ኮቱን ለብሶ መጣ።

ግድግዳው ወረደ። ብረቶቹ ከቀዳዳዎቹ ጎን ቀሩ። ከፋብሪካው የመጣው ወጣት ፎርማን እጁን አነሳ፣ ክሬኑም ግድግዳውን መልሶ ሰቅሎ ያዘው። ፎርማኑ ሜትሩን ዘርግቶ ለካ።

"ይህን መሠረት የሠራው ማን ነው? በዚህ አገር ግንበኛ የለም እንዴ?"

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ። "ግዴለም፣ ትርፉን በድንጋይ እሞላዋለሁ። ልስን ይሸፍነዋል።"

"ጋሼ፣ ይህ የድንጋይ ቤት አይደለም። አንዱ ግድግዳ ሌላውን ካልያዘው ሁሉም ይወድቃሉ። ፋብሪካው ዋጋ የሚያረክሰው እኮ ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚሠራ ነው። ለእርስዎ ብቻ ለይቶ አያስረዝምም።"

ሰብሳቢዋ ቅጹን ከቦርሳቸው አወጡ፤ አነበቡትና ለእኔ ሰጡኝ። የሒሳብ መምህሩ ከኋላዬ ሆነው፣ "የእኔን ሁለት ጣት ቆጥረሽ፣ አባትሽ ጋ ስትደርሺ አራቱ ጠፉብሽ?" አሉ። ሰዉ ሳቀ። አባቴ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ብዙ አየው።

"ለምን እንዲህ ብለሽ ጻፍሽ?"

"ደስ እንዲልህ ብዬ ነው።"

"ልክ አይደለም ብትዪ እቆጣሽ ነበር" አለኝ። "ተቆጥቼም አፈርሰው ነበር።"

ኮቱን አውልቆ ለእናቴ ሰጣትና መዶሻ አስመጣ። ያን ቀንና እስከ ማግስቱ ቀትር ድረስ የገዛ መሠረቱን ሲሰብር ዋለ፤ መምህሩም ወታደሩም አገዙት። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አዲሱን አፈሰስን። ሁሉንም ጎን ለካሁ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘንም ለካሁ። ከአሥራ ሁለቱ መሠረቶች እንደዚያ የተስተካከለ አልነበረም።

በአሥረኛው ቀን ፎርማኑ ኮንክሪቱን በምስማር ጫረው። ምስማሩ ገባ።

"ቢያንስ ሳምንት ይፈልጋል። ዛሬ ብጭንበት ይሰነጠቃል።"

"ሳምንት ጠብቁን" አለች እናቴ።

"እናቴ፣ ክሬኑ ነገ ሌላ ከተማ ነው የሚጠበቀው። ለአንድ ቤት ተብሎ አይቆምም።" ፎርማኑ ይህን ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ነበር። እሱን ልጠላው ሞክሬ አልቻልኩም።

ግድግዳዎቻችን እንጨት ላይ ተጋድመው ቀሩ። አከራያችን ሁለት ሳምንት ጨመሩልን፤ ከዚያ የልጃቸው ሠርግ ድንኳን የሚተከልበት ቀን ደረሰ። ኤረር በር አካባቢ አንዲት ክፍል ገባን። አልጋው ካልታጠፈ በሩ አይከፈትም ነበር። የበልግ ዝናብ ሲጀምር እናቴ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ተዳፋቱ እየሄደች ግድግዳዎቹ ላይ ያለበስነውን ላስቲክ ታስተካክል ነበር። አሥራ አንዱ ቤቶች መብራት ገባላቸው። ሰዎቹ ግቢና ቡና ጠጪ ይሏታል፤ እሷ እቸኩላለሁ እያለች ትመለሳለች።

በማኅበሩ ደንብ ቤቱ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ያልቆመለት አባል ቦታውን ተራ ለሚጠብቀው ይለቃል። ሰብሳቢዋ ለፋብሪካው ደጋግመው ደወሉ፤ መልሱ ሌላ ሥራ ሲገኝ እንመጣለን የሚል ነበር። ግንቦት እንደገባ ስብሰባ ተጠራ። "ደንቡን ያወጣነው እኛው ነን" አሉ ሰብሳቢዋ፣ እጃቸውን ሲያነሱ አባቴን አላዩትም። ሌሎቹም አነሱ። የሒሳብ መምህሩ አላነሱም። ለእኛ ብለው ይሁን ወይስ ስልክ እያነጋገሩ ስለነበር እስካሁን አላውቅም። የከፈልነው ተመለሰልን። አባቴ ፈርሞ ወጣ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ክሬኑ በአቅራቢያችን ላለ ሌላ ማኅበር ሥራ መጣ፤ በዚያው ወደ ተዳፋቱም ወጣ። አባቴ ጀጎል ውስጥ ሥራ ላይ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ቀርቼ ሄድኩ። ግድግዳዎቹን መግጠም ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተጀምሮ ከቀትር በፊት አለቀ። ቦታው የደረሳቸው አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። ሙሽራዋ ለሠራተኞቹ ዳቦ ስታድል እኔንም ከእነሱ ጋር የመጣሁ መስሏት ቆርሳ ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። "እንኳን ደስ አላችሁ" አልኳት፣ በጥሩ ሁኔታ፣ ፈገግ ብዬ።

ቤት ስገባ እናቴ ልብስ ታጥፍ ነበር። የት እንደዋልኩ አልጠየቀችኝም።

"ብረቶቹ ገቡ?" አለችኝ።

"ሁሉም ገቡ።"

ልብሱን አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ እሑድ ወደ ተዳፋቱ አልሄደችም። ያ ቀን ረቡዕ፣ ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።