ደጃፍ ላይ የሰማሁት የክርስትና ስሜ

ጌታ ይባረክ ወገኖቼ! እስቲ ደግማችሁ፣ ጌታ ይባረክ! አዎ፣ እንዲህ ሞቅ አድርጉልኝ፤ ብረት ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ማይክ መያዝ አልለመድኩም። ግን ጌታ ያደረገልኝን ውጬ ብቀመጥ ዛሬ ምሳዬ አይወርድልኝም፤ ስለዚህ ታገሡኝ።

ሙሉጌታ ነኝ፣ ከድልድዩ ማዶ ባሕሪ ሰፈር ብረት የምበይደው። "የስንዱ ባል" ብላችሁ የምታውቁኝ ትበዛላችሁ፤ እሱም ክብር ነው። ድሮ የነበርኩትን ሰው ግን ብታዩት በዚህ በር አታስገቡትም ነበር። ቁጡ ነበርኩ። ደንበኛ "ያላ፣ ቶሎ በል!" ካለኝ ሥራውን ጥዬ እጣላለሁ። ክርስቲያን ነህ ወይ ብትሉኝ የአንገቴን ማተብ አሳያችኋለሁ፤ ጸሎት ግን ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ አላውቅም።

ባለቤቴ ስንዱ እዚህ ዐማራት ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። በዕረፍት ቀኗ፣ ዓርብ ዓርብ፣ ወደዚህ ኅብረት መምጣት ስትጀምር ተቃጠልኩ። "መሄዱን ሂጂ፤ ግን እዚያ ሙሉጌታ ብለሽ ስሜን ብትጠሪ፣ አንቺና እኔ ኻላስ፣ አበቃ!" አልኳት። "እሺ" አለች። ስንዱ ሳትከራከር እሺ ካለች ነገር አለ ማለት ነው፤ እኔ ግን አሸነፍኩ ብዬ ተኛሁ።

እሷ ወደዚህ መምጣት በጀመረች በአራተኛው ዓመት አንድ ቀን ብረት ስቆርጥ ፍንጣሪ ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ። መነጽሩ የት ነበር? ግንባሬ ላይ! ለዓይን የተሠራውን ለግንባር የማደርግ ጀግና ነበርኩ። ዓይኔን አሽቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ግራውም መደብዘዝ ሲጀምር ነው። ሱዳናዊው ዶክተር ራሱን ነቀነቀ፤ "ያ ሐበሺ፣ ምነው ዘገየህ? ቀኙ ክፉኛ ተጎድቷል፤ ግራውም እየተከተለው ነው። ጠብታውን በየሰዓቱ አድርግ፤ የቀረው ኢንሻአላህ ነው" አለኝ።

ወገኖቼ፣ በያጅ ያለ ዓይን ምን ይሠራል? ቤት ዋልኩ። ልጄ ሳራ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ የፊት ጥርሷ መውለቁን የሰማሁት ከእናቷ ነው። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ እየሳቀች አፏን ማየት አልቻልኩም። ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። አልዋሻችሁም፣ መኖር አስጠላኝ።

አንድ ዓርብ ስንዱ ሳራን ይዛ ወደዚህ ስትመጣ ጠብታዬን በቦርሳዋ እንደያዘች ሄደች። ሰዓቱ አለፈ፤ ዓይኔ ይቆጠቁጣል። ደሜ ፈላ! ዛሬ በሕዝቡ ፊት አዋርዳታለሁ ብዬ ወጣሁ። በሚኒባስ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያው ላይ ሰው እየጠየቅሁ ሌላ ሚኒባስ ይዤ፣ የግንብ አጥር እየዳበስኩ እዚህ ደጃፍ ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። በእግሬ ልበረግደው ስል ጸሎት የሚመሩትን የእማማ አበበችን ድምፅ ሰማሁ።

"ጌታ ሆይ፣ ወንድማችንን ተክለ ማርያምን አስበው! ልቡን አብርድለት! ዓይኑን ዳብስለት! አራት ዓመት ደጅህን ጠናን፤ አሁንም ንቅንቅ አንልም!"

ቅዱሳን፣ ተክለ ማርያም የክርስትና ስሜ ነው! እኛ ባደግንበት ሰው በጸሎት የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነው፤ ያንን ስሜን በዚህ ከተማ ከስንዱ በቀር የሚያውቅ የለም። ሙሉጌታ ብለሽ አትጥሪኝ ስላት ቃሌን ጠብቃ በዚያኛው ስም ለጸሎት አስይዛኛለች! እናንተም አንድ የማታውቁት ተክለ ማርያም አለ ብላችሁ በየሳምንቱ ትጮኹለት ነበር። ክብር ለስሙ ይሁን!

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጸሎቱ ሲያልቅ እማማ አበበች ወጡና አዩኝ። ትንሽ አፍሬ፣ "እማማ፣ ተክለ ማርያም ማነው?" አልኳቸው።

"እኔ አላውቀውም ልጄ። ቁጡ ነው ይላሉ። አሁን ደግሞ ዓይኑን ታሟል።"

"ሳያውቁት አራት ዓመት?"

"እኔ ባላውቀው፣ የሚያውቀው አለ።"

"እኔ ነኝ" አልኳቸው።

እልል ይላሉ ብዬ ነበር። ትክ ብለው አዩኝና፣ "ታዲያ ምነው እስካሁን ዘገየህ? ተነሥና ግባ!" አሉኝ። ዶክተሩም ምነው ዘገየህ ነው ያለኝ፤ በመዘግየቴ የተቆጡኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ያን ቀን ጌታን ተቀበልኩ። ስንዱን ይቅርታ ስጠይቃት፣ "ሙሉጌታ ብዬ አንድ ቀንም አልጠራሁም" አለችኝ፤ አልቅሳ ስታበቃ ነው ታዲያ!

ጠብታውን አላቆምኩም፤ ጸሎቱንም እናንተ አላቆማችሁም። ከሁለት ወር በኋላ ዶክተሩ በመብራቱ አየኝ፣ ደግሞ አየኝ። "ግራው ጠርቷል! እንዲህ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም፤ አልሐምዱሊላህ!" አለ። እሱ ጠርቷል ከማለቱ በፊት ያየሁትን ልንገራችሁ? አንድ ጠዋት ሳራ ስትስቅ፣ ከድዷ ብቅ ያለ ነጭ ጥርስ አየሁ። ሃሌ ሉያ! አዲስ ጥርስ! ጮኼ ጎረቤት ሰበሰብኩ።

ቀኙ ገና ብርሃን ብቻ ነው የሚለየው። አልደብቃችሁም፤ እሱ አሁንም የጸሎት ዝርዝሩ ውስጥ አለ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው የምኖረው። በአንዱ ዓይኔ እበይዳለሁ፤ ዓርብ ደግሞ የጸሎት ስሞቹን የማነበው እኔ ነኝ። የማላውቃቸውን ስሞች ጠበቅ አድርጌ አነባለሁ።

እህቴ፣ የባልሽን ስም መጻፍ የሰለቸሽ፣ እባክሽ አትሰርዢው። ወንድሜ፣ ያንተም ስም ካለ አምጣው፤ ጌታን እመነው፣ ደጁን መጥናት አያስከፋውም። የዚህን ግቢ በር አምና የሠራሁት እኔ ነኝ። ወንድሞች "ዓርብ ለምን አትዘጋውም?" ይሉኛል። በጸሎት ሰዓት አልዘጋውም፤ አሁንም ውጭ ቆሞ ስሙን የሚሰማ ሰው ይኖር ይሆናል።