ጾም የመሰለን የአባየ ጉሮሮ

ዛሬ እንጅባራ ላይ ሐኪሙ አባቴን፣ አባየን፣ «እህል ሲውጡ ደረትዎ ላይ መቆም ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው?» አላቸው። እኔን ሰረቅ አድርገው አዩና «ከፍልሰታ ወዲህ» አሉ።

ክው አልኩ።

ፍልሰታ ሲፈታ እንጀራውን ገፍተው «በሶ ብቻ በጥብጡልኝ» ሲሉ፣ ከጽጌ ጾም ጋር ሊያያይዙት ነው አልን። ጽጌ ሲያልቅ የነቢያት ገባ። በመንደራችን በግምጃ ቤት ያለው ጎረቤት ሁሉ «መነኑ እኮ!» እያለ ያደንቃቸው ነበር።

ሐኪሙ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ አየ። የምግብ ቧንቧ ጡንቻው ስለሚለጠጥ ውስጡ እየጠበበም ብዙ ጊዜ ችሎ ይቆያል፤ ምልክት ሲያሳይ ዘግይቷል። ደግሞም እንደ አንጀት ከውጭ የሚሸፍነው ስስ ልባስ ስለሌለው፣ ክፉ ነገር ከበቀለበት ቶሎ አጠገቡ ወዳሉት አካላት ይሻገራል አለኝ።

የማላውቀው ነገር አልነገረኝም። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ያን ቧንቧ ከነድርብርብ ሽፋኑ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እስለዋለሁ፤ ተማሪ ቢሳሳትበት ማርክ እቀንሳለሁ።

ከቧንቧው ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ ለምርመራ ሄዷል። ውጤቱን እየጠበቅን ነው።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ «ምነው አባየ፣ ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

«እናንተ በጾሜ ስትደሰቱ፣ አልወርድ አለኝ ብዬ ላሳፍራችሁ?»

እናንተስ ቤት ገበታ የሚገፋ አባት ወይ እናት የለም? እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ከሆነ ጻፉልኝ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ሂዱና አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ሲውጡ እዩ።